የሳምቡሳ ቂጣ በቤት እንዴት ይሠራል?

ድሬዳዋ ውስጥ ሳምቡሳ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ፀሐዩ በረድ ሲል በየሰፈሩ ደጃፍ ላይ ዘይት ይጣዳል። በረመዳን ደግሞ ከአስር ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ሁሉ የሳምቡሳ ሽታ ነው። ታዲያ ቤት መሥራቱ ለምን አስፈለገ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ዘይቱ ነው። ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት በእርግጠኝነት የምታውቁት የራሳችሁን ዘይት ብቻ ነው። ሁለተኛው ቂጣው ነው። ስስ፣ ደረቅ፣ ሲነከስ ኮሽ የሚል ቂጣ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን አይሞክረውም።

ያለመሞከሩ ምክንያት ይገባኛል። የምግብ አሠራር የሚያስተምሩ ሰዎች ስለ ምስሩ በዝርዝር ይናገሩና ቂጣው ላይ ሲደርሱ «ሊጡን በስሱ ዳምጣችሁ ጠቅልሉት» ብለው ያልፋሉ። ጥሬ ሊጥ ዳምጦ፣ ሞልቶ ዘይት ውስጥ የከተተ ሰው የሚያገኘው ውጭው አረፋ የበዛበት፣ ውስጡ ሊጥ ሊጥ የሚል ነገር ነው። ድሬ ላይ በሳምቡሳ የሚታወቁ እናቶች እንዲህ አይሠሩም። ቂጣውን ደራርበው ይዳምጡታል፣ በደረቅ ምጣድ ላይ ለአፍታ ያሳርፉታል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይገነጥሉታል። ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ስለሆነ እኔም ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ምን ምን ይገዛ?

ከ40 እስከ 50 ለሚሆን ሳምቡሳ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር፣ አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ስድስት ቃሪያ፣ አንድ እስር የድንብላል ቅጠል፣ ጨው፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬና አንድ ሊትር ዘይት ይበቃል። ቅጠላ ቅጠሉን ከቀፊራ ገበያ በጠዋት ግዙ። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲጠነክር ድንብላሉ ይጠወልጋል። ሐረር ያላችሁ ሸዋ በር ገበያ ሁሉንም ታገኛላችሁ።

ምስሩ

ልቀሙት፣ እጠቡት፣ ቀቅሉት። ጨው ወደ መጨረሻው ላይ ጨምሩ። የሚበስልበትን ደቂቃ ቆጥሬ አልነግራችሁም፤ እንደ ምስሩ ዕድሜ ይለያያል፣ እንደ ከተማውም ይለያያል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውኃው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ እሳት ብትጨምሩበት ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ያው ምስር ሐረር ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ታገሡት። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት መፍረስ አለባት፣ ሳትነካ ግን ቅርጿን የያዘች መሆን አለባት። ገንፎ ከሆነ አልፎበታል።

ከዚያ በማጥለያ አጥልሉትና ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከምራችሁ ከተዋችሁት በራሱ እንፋሎት ተመልሶ ይርሳል። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ናቸው። ትሪዬን አዘንብለው ጠርዙ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ አሳዩኝና «ምስርሽ እያለቀሰ ነው፣ ልጄ፤ መጀመሪያ እንባውን አድርቂለት» አሉኝ። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ቂጣው ውስጥ የተደበቀች ጠብታ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትገባ መውጫ ትፈልጋለች። ሳምቡሳ የሚፈነዳው፣ ዘይትም ፊት ላይ የሚረጨው ለዚህ ነው። ለመፈተሽ ከምስሩ አንድ እፍኝ ያዙና ጨበጥ አድርጉት። መዳፋችሁ ከረጠበ ገና ነው።

ሽንኩርቱን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉና በጥቂት ዘይት ውኃው እስኪመጥ አቁላሉት። ጥሬውን የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቶሎ የሚጠበስና ወዲያው የሚበላ ከሆነ አይከፋም። ለቤት ግን አልመክረውም፤ ጥሬ ሽንኩርት ጨው ሲነካው ውኃ ማውጣቱን አያቆምም። ምስሩን፣ ከሙኑን፣ ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አማስሉ። አውርዱት። ቃሪያና ድንብላል የሚገቡት ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

በሥጋ ለምትፈልጉ፣ የተፈጨውን ሥጋ ያለ ዘይት ጣዱትና የራሱን ውኃ አውጥቶ መልሶ እስኪጨርስ አንኩሩት። ሥጋው ከእንጨት ማማሰያው ጋር እየተጣበቀ አንድ ላይ እንዳይጓጉል አፍርሱት። የቀረው ያው ነው። እኔ የምስሩን እመርጣለሁ። ጿሚውም የማይጾመውም አብሮ ይበላዋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም አይጠፉም።

ሊጡ

ዱቄቱን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር በእጃችሁ አሹት። ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ የሚያልፍ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አሹ። ጠንከር ያለ፣ ጣት ላይ የማይጣበቅ ሊጥ ይሁን። እርሾ አያስፈልገውም። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ለግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ይሸሻል፤ መዳመጫውን ባነሳችሁ ቁጥር ተመልሶ ይሰበሰባል።

አንድ የድሬ ጉዳይ ልጨምር። ቬንትሌተሩን አጥፉት፣ ወይም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሩት። በዚህ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር ምድጃ አጠገብ መቆም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ነፋሱ የሊጡን ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ያደርቀዋል። የደረቀ ፊት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ ምንም አይጠግነውም።

ቂጣው

ሊጡን 24 እኩል ቦታ ድብልብሉት። እኩል መሆናቸው ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

እያንዳንዱን ድብልብል የእጅ መዳፍ እስኪያክል ብቻ ዳምጡት። አሁኑኑ አታሳሱት። አራቱን አዘጋጁ። የመጀመሪያውን አስቀምጡና ፊቱን በዘይት ቀቡት። ዘይቱ ጥቂት ይሁን፤ ግን እስከ ጠርዝ ይድረስ። በጣታችሁ ዙሪያውን ተከትላችሁ ሂዱ። መሃሉን ቀብተው ጠርዙን የሚረሱ ሰዎች ኋላ ላይ ሲገነጥሉ ጠርዙ ተጣብቆ ቂጣው ይቀደድባቸዋል። በዘይቱ ላይ ስስ ዱቄት ነስንሱበት። ዘይት ብቻውን ሊጡ ይጠጣዋል፤ ዱቄቱ ነው ሁለቱን ሊጥ የሚለያየው። ሁለተኛውን ከላይ ደርቡ፣ ቀቡ፣ ነስንሱ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛው ከላይ ሲመጣ ፊቱ አይቀባም።

አሁን አራቱን በአንድነት ዳምጡ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ። መዳመጫውን አትጫኑት፤ ክብደቱ ራሱ ይሥራ። በኃይል ከተጫናችሁት የላይኛው ይሰፋና የመሃሎቹ ትንሽ ሆነው ይቀራሉ። ድብልብሎቹ እኩል ካልነበሩም የሚሆነው ይኸው ነው። አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ጀርባውን እየገለበጣችሁ ዳምጡ። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቁሙ። አራት ቂጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከበዳችሁ በሁለት ጀምሩ። እጅ ከለመደ በኋላ ስድስትም ይደረባል።

ለምን ደርቦ መዳመጥ? አንድ ቂጣ ብቻውን ይህን ያህል ከሳሳ ስታነሱት ይቀደዳል። አራቱ ሲደረቡ ግን እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ምጣድ ላይ ሲወጡ ደግሞ እሳት የሚያገኘው ውጭው ብቻ ነው፤ መሃሎቹ በመካከላቸው በሚፈጠረው እንፋሎት ለስልሰው ይበስላሉ። ሳይሰበር የሚታጠፈው ያ ለስላሳ ፊት ነው።

ምጣዱን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አግሉት። ጠፍጣፋ ብረት ምጣድ ከሁሉም ይሻላል፤ ከሰል ላይም ቡታጋዝ ላይም ይሠራል። ትልቁን የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን ለዚህ አልወደውም፤ አንዴ ከጋለ ቶሎ አይበርድም፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ማብረድ መቻል ያስፈልጋል። የተደረበውን ቂጣ አሳርፉ። ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቆይቶ ጥሬ ቀለሙ ነጣ ይላል፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ እብጠት ይወጣል። ገልብጡት። አሁን ከላይ የመጣው ፊት በስሏል። ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫፍ ፈልጋችሁ ያዙና የላይኛውን ብቻ በቀስታ ወደ ላይ ሳቡት። በእንፋሎቱ ራሱ ተላቆ ይመጣል። ወዲያው ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ሸፍኑት። የቀረውን ገልብጡ፣ ሌላውን ላጡ፣ እንደገና ገልብጡ። አራቱም እስኪያልቁ በጥቅሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጎረቤታችን ይህን ሲሠሩ ዓይናቸው ምጣዱ ላይ አልነበረም፤ ጣታቸው ነበር የሚያየው። አንድ ቂጣ ሲገነጥሉ ከተጣበቀባቸው አይጎትቱም። ደረቅ እጃቸውን ላዩ ላይ ጫን አድርገው ትንሽ ይጠብቃሉ፣ እንፋሎቱ ሠርቶ ይለቀዋል። እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው።

ቂጣው ቡናማ ነጥብ ካወጣ ቆይቶበታል። መድረቅ ጀምሯል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይውጣ። ቀለም የሚይዘው ዘይት ውስጥ ነው።

በፓኬት የተዘጋጀ ቂጣ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። ለችኩል ቀን ይጠቅማል። የቀዘቀዘውን በደንብ ሳያቀልጡ ለመለየት መሞከር ግን ቂጣውን ማባከን ነው።

መጠቅለል

እያንዳንዱን ቂጣ መሃል ለመሃል ቁረጡት፤ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ይወጣዋል። ማጣበቂያው ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፣ ወፈር ተደርጎ የተበጠበጠ። ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ እናንተ ይሁን። ከመሃሉ እስከ አንዱ ጫፍ ማጣበቂያ ቀቡት፤ ሌላኛውን ጫፍ አምጥታችሁ በላዩ ላይ ደርቡትና ተጫኑት። የማሽላ ቆሎ እንደሚጠቀለልበት የወረቀት ጥቅልል ይሆናል። ሹል ጫፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ቆንጥጡ። ዘይት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ቀዳዳ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉት። አፉን በማጣበቂያ ቀብታችሁ አጥፉና ሦስት ማዕዘን አስይዙት። ማጣበቂያው አልይዝ ካለ ቂጣው ላይ ዘይት በዝቷል ማለት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት።

የተቆራረጠና የተቀደደ ቂጣ አይጣል። መጨረሻ ላይ ጥበሱትና ጨው ነስንሳችሁ በሻይ ብሉት። ልጆች ከሳምቡሳው ቀድመው የሚጨርሱት እሱን ነው።

መጥበስ

ዘይቱ ሳምቡሳውን የሚያሰጥም ጥልቀት ይኑረው። ሙቀቱ 170 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ቁራጭ ቂጣ ጣሉበት። ወርዶ፣ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ከተነሣ ልክ ነው። ወዲያው ብቅ ብሎ ከጠቆረ በጣም ግሏል። ታች ተኝቶ ከቀረ ገና ነው፤ በዚያ ሙቀት ከጠበሳችሁ ቂጣው ዘይት ይጠጣል። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ብቻ ጨምሩ። ብዙ ሲገባ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። አራት ደቂቃ ገደማ፣ እያገላበጣችሁ።

ስታወጡት በማጥለያ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሶፍት ላይ አስተኝቶ መደራረብ የተለመደ ነው፤ የሚያበላሸውም እሱ ነው። የታችኛው በእንፋሎት ይለሰልሳል። ክዳን አይከደንበት፣ ፌስታልም ውስጥ አይግባ። ለጎረቤት የምትልኩ ከሆነ ክፍት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ላኩት።

ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፤ ዳጣ ለሚወድ ዳጣ አቅርቡለት።

ለረመዳን ወይም ለጾም አስቀድማችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ሳይጠበስ የተጠቀለለውን ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ከደነደነ በኋላ አንድ ላይ ላስቲክ ውስጥ ማጠራቀም ይቻላል። ውጭ ማሳደር ግን አይሞከር፤ በድሬ ሙቀት የተቀቀለ ምስር ቶሎ ይበላሻል፣ ሥጋው ደግሞ የባሰ ነው። ስትጠብሱት ማቅለጥ አያስፈልግም። ላዩ ላይ በረዶ ካለ አራግፉለት፣ እሳቱን ትንሽ ቀንሱ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት።