አንዱ ቻነል ሲደክም፦ የሲኒማ ድምፅ ሲፈተሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ጨርሶ የጠፋ ቻነል (ለብቻው ወደ አንድ ወገን ስፒከር የሚሄድ የድምፅ መስመር) ከደከመ ቻነል ይልቅ ለባለሙያው ይቀለዋል። የጠፋውን ሁሉም ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተነቀለ ገመድ ወይም የጠፋ አምፕሊፋየር ስለሚሆን ፍለጋው አጭር ነው። የደከመ ቻነል ግን ሥራውን ሳያቆም ለወራት ይቆያል። ተመልካቹ «ንግግሩ አይሰማም» ይላል፤ ኦፕሬተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሙዚቃው ሲገባ ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ ኦፕሬተሩ መልሶ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ መካከል ችግሩ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እኔም በተለያየ ጊዜ የሠራኋቸው ናቸው።

መንስኤውን ሳያገኙ ድምፁን መጨመር

ይህ ከሁሉም የተለመደውና ከሁሉም የከፋው ነው። የመሀል ቻነል ሲደክም በፕሮሰሰሩ (ድምፁን ለየቻነሉ በሚያከፋፍለውና በሚያስተካክለው መሣሪያ) ላይ የዚያን ቻነል መጠን በ6 ዴሲቤል ማሳደግ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አዳራሹም ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን 3 ዴሲቤል ጭማሪ ከአምፕሊፋየሩ እጥፍ ዋት፣ 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ፣ 10 ዴሲቤል ደግሞ አሥር እጥፍ ይጠይቃል። ቀድሞ በ50 ዋት የሚወጣው ጩኸት አሁን 200 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ይህን መስጠት ካቃተው ድምፁ ይዛባል፤ ከቻለ ደግሞ የሞተው ክፍል የተወውን ሸክም በሙሉ ጤነኛው ክፍል ላይ ይጭነዋል። ሁለት ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ካለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ሲቃጠል ሌላውም ሳይቆይ የሚከተለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ አዳራሽ ውስጥ የመሀል ቻነሉ ደክሞ ተጠርቼ ነበር። ከፕሮሰሰሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ገመድ ጫፍ፣ በካኖኑ (ባለ ሦስት እግር የድምፅ ገመድ መሰኪያ) ውስጥ፣ ሲግናሉን ከሚሸከሙት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከብየዳው ተላቅቆ ማሰሪያው ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለው ገመድ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚያስተላልፍ፣ አንዱ ሲቋረጥ ድምፁ ጨርሶ አይጠፋም፤ በ6 ዴሲቤል አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ቀጭን የኤሌክትሪክ እምምታ አብሮት ይመጣል። ሽቦውን በይጄ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ ደግሞ «ንግግሩ ጆሮ ይበሳል» የሚል ስልክ መጣ። ለካ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ድካሙን ለመሸፈን ቻነሉን በ6 ዴሲቤል ከፍ አድርጎት ኖሯል፤ እኔም ጥገናውን እንጂ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አላየሁም ነበር።

የዚሁ ስህተት ዘመናዊ መልክ አውቶማቲክ ማስተካከያውን ማስነሳት ነው። ማይክሮፎን ዘርግቶ ፕሮሰሰሩ ራሱ ድምፁን እንዲያመጣጥን ማድረግ በጤነኛ ሥርዓት ላይ ጠቃሚ ነው። በተበላሸ ስፒከር ላይ ግን ማሽኑ የጎደለውን የድምፅ ክልል በኃይል ለመሙላት ስለሚሞክር፣ ያለውን ሁሉ ዋት በሞት አፋፍ ላይ ወዳለው ክፍል ይልካል።

በፊልም መፈተሽ

ጆሮ በፊልም ድምፅ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም። አንድ ትዕይንት የግራውን ቻነል ዝም ሊያሰኘው፣ ሌላው ሊያስጮኸው ይችላል፤ የጎንና የኋላ ስፒከሮች ደግሞ በረጅም የንግግር ትዕይንት ውስጥ ምንም ላይናገሩ ይችላሉ። ለዚህ የተሠራው ፒንክ ኖይዝ የሚባለው የማያቋርጥ የፏፏቴ ድምፅ የሚመስል ሲግናል ነው፤ በአብዛኞቹ የሲኒማ ፕሮሰሰሮች ውስጥ አብሮ ይመጣል።

የድምፅ መለኪያው በሲ ክብደትና በዝግታ ምላሽ (በመሣሪያው ላይ «C» እና «Slow» የሚሉት ምርጫዎች) ተደርጎ፣ ከስክሪኑ ወደ ኋላ የአዳራሹ ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይያዛል። ከዲጂታሉ ጣሪያ (ሲግናሉ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) 20 ዴሲቤል ዝቅ ባለ ፒንክ ኖይዝ፣ የዋናው ድምፅ መቆጣጠሪያ በመነሻው ላይ ሆኖ (በዶልቢ ፕሮሰሰሮች ይህ 7 ቁጥር ነው)፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት የግራ፣ የመሀልና የቀኝ ቻነሎች እያንዳንዳቸው 85 ዴሲቤል፣ የጎንና የኋላ ቻነሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 82 ዴሲቤል ሊሰጡ ይገባል። በዚህ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ተደናግጠው የጎኖቹን «ደክመዋል» ብለው ከፍ ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ፤ እነዚያ ቻነሎች ምንም አልነበራቸውም። ሰብዉፈሩ (እጅግ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) ደግሞ በራሱ ክልል ውስጥ ከመሀሉ ቻነል 10 ዴሲቤል ከፍ እንዲል ተደርጎ የሚስተካከል ስለሆነ፣ የድምፁን እያንዳንዱን ክልል ለይቶ በሚያሳይ መሣሪያ እንጂ በተራ መለኪያ ሊፈረድበት አይገባም።

ፊልሙ ከላፕቶፕ በሁለት ቻነል ብቻ የሚወጣ ከሆነም የመሀሉ ስፒከር ባዶ መሆኑ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ከግራና ከቀኝ መሀልን እንዲያወጣ ካልታዘዘ በቀር ወደዚያ የሚሄድ ነገር የለም። መሰላል ከመውጣትዎ በፊት የትኛው ግብዓት እንደተመረጠ ይመልከቱ።

«ደካማ» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል

ድምፁ በሙሉ ነው ያነሰው ወይስ ከፊሉ ነው የጠፋው? ይህ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከስክሪኑ ጀርባ ያለ የሲኒማ ስፒከር ቢያንስ ሁለት ክፍል አለው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ ዉፈሮችና ቀጭኑን የሚያወጣ ሆርን። በብዙ አዳራሾች ሁለቱ በየራሳቸው አምፕሊፋየር ይነዳሉ፤ የሚለያዩበትም ድንበር ብዙ ጊዜ በ500 ኸርዝ አካባቢ ነው። የሆርኑ መስመር ሲሞት ድምፁ መኖሩን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከብርድ ልብስ ስር የወጣ ይመስላል። የ«ስ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ፣ ተዋናዩ «ሠራ» ይበል «ፈራ» መለየት ያስቸግራል። ተመልካቹ ይህንን «ድምፁ ትንሽ ነው» ብሎ ያስረዳል፤ እውነቱ ግን ትንሽ አለመሆኑ ነው፤ ጎዶሎ ነው። በተቃራኒው ዉፈሩ ሲሞት ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሆኖም እንደ ስልክ ድምፅ የቀጠነ ይሆናል። ሁሉም ክልል በእኩል መጠን ካነሰ ግን ጥፋቱ ድምፁ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ስለሚሆን፣ የስፒከሩን ሳጥን ለመክፈት ገና ምክንያት የለዎትም።

ከመሀል ሳይጀምሩ በግምት መዞር

ሲግናሉ ፊልሙን ከሚያጫውተው ሰርቨር ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ከፕሮሰሰሩ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከዚያም ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ብዙ ሰው ችግሩን መጨረሻው ላይ ፍለጋ ይጀምራል፤ ስፒከር የሚታይና የሚነካ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል። የሚሻለው ሰንሰለቱን ከመሀል መቁረጥ ነው። በፕሮሰሰሩ መውጫ ላይ የደከመውን ቻነል ገመድ ከጤነኛው ጋር ያቀያይሩ። ድካሙ ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከዚያ በፊት ነው፤ በቦታው ከቀረ ደግሞ ከገመዱ ጀምሮ ወደ ስፒከሩ ባለው ክፍል ነው። ቀጥሎ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ፣ ከዚያ በመውጫው ተመሳሳዩን ያድርጉ። በሦስት መቀያየር አካባቢው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሆርንን መስመር ከዉፈር መስመር ጋር በፍጹም አያቀያይሩ። ለዉፈር የታሰበ ወፍራም ድምፅ ወደ ሆርኑ ሲገባ፣ ቀጭኑን ዲያፍራም (እየተርገበገበ ድምፅ የሚፈጥረውን ሽፋን) በአንድ ቅጽበት ሊሰብረው ይችላል። ሆርንን ከሆርን፣ ዉፈርን ከዉፈር ጋር ብቻ ያቀያይሩ፤ የስፒከር ገመድ ከመንካትዎ በፊትም አምፕሊፋየሩን ያጥፉ።

ከሰርቨሩ የሚመጣውን ዲጂታል ገመድ በተመለከተ የሚሰማው ብዙ ወቀሳ መሠረት የለውም። ዲጂታል ሲግናል አይደክምም፤ ይደርሳል፣ ወይም እየተንጠባጠበና እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ጥንድ ሽቦ ሁለት ቻነል ይሸከማል፤ በተለመደው አደራደር የመጀመሪያው ጥንድ ግራና ቀኝን፣ ሁለተኛው መሀልንና ሰብዉፈርን፣ ሦስተኛው የግራና የቀኝ ጎንን ነው። መሀሉ ተበላሽቶ ሰብዉፈሩ ደህና ከሆነ ገመዱን ይተዉት። ሁለቱም አብረው ከጠፉ ግን ስፒከር አይንኩ፤ በቀጥታ ወደዚያ ጥንድ ይሂዱ።

በ35 ሚሊሜትር ፊልም ለሚሠራ ጥቂት አዳራሽ ነገሩ ይለያል፤ አናሎጉ የድምፅ መስመር ሁለት ብቻ ስለሆነና መሀሉ ከሁለቱ ስለሚወጣ፣ አንዱን መስመር የሚያነበው የብርሃን ሴል ሲደክም ንግግሩ ከመሀል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች መዝለል

ይህ አጭር ነው፤ አሳፋሪም ነው። ራኩን (መሣሪያዎቹ የተደረደሩበትን መደርደሪያ) ያጸዳ ሰው ጨርቁ የፊቱን መዞሪያ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ከጀርባ ያለው የመግቢያ መጠን መምረጫም በጎረቤቱ አምፕሊፋየር ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በተለይ አንዱ አምፕሊፋየር ለጥገና ወጥቶ በሌላ ከተተካ በኋላ። የአየር ማስገቢያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ መሣሪያው ሲግል ራሱን ለመከላከል ኃይሉን ሊቀንስ ይችላል፤ «ቀን ደህና ነው፣ ማታ ይደክማል» የሚል ቅሬታ ሲሰሙ መጀመሪያ እጅዎን ወደ ማራገቢያው ይላኩ።

ቴስተሩ ያለውን ሁሉ ማመን

የ8 ኦም ስፒከር በቴስተር (ኦም በሚያነብ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 8 አያሳይም፤ ከ5.5 እስከ 6.5 ኦም አካባቢ ያሳያል፣ ይህም ጤነኛ ነው። ሁለት ዉፈሮች በትይዩ ከታሰሩ ደግሞ በግምት 3 ኦም ይታያል። እዚያ ቦታ 6 ካነበቡ «ልክ ነው» ብለው አይለፉ፤ ከሁለቱ አንዱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ሆርኑ ላይ ግን ወጥመዱ ተገልብጦ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ዲያፍራሙን ከወፍራም ድምፅ የሚጠብቅ ካፓሲተር በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይታሰራል፤ ካፓሲተር ደግሞ የቴስተሩን ቀጥታ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከራኩ ጫፍ ሆነው የለኩ ሰዎች «ተቋርጧል» የሚል ንባብ አይተው ጤነኛ ዲያፍራም ይቀይራሉ። መለካት ያለበት ከካፓሲተሩ በኋላ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ በራሱ በሆርኑ ሁለት እግሮች ላይ ነው።

ኦም የማይናገረው ሌላ ነገር አለ፤ አቅጣጫ። አንዱ ዉፈር ተጠግኖ ሲመለስ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቴስተሩ ሁለቱንም ደህና ይላል። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው፣ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ወደ ዉፈሮቹ መስመር ቢያስነኩ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው። ይህን ሙከራ በሆርን ላይ አያድርጉ።

ከስፒከሩ ፊት ያለውን መርሳት

የሲኒማ ስክሪን ድምፅ እንዲያልፍበት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። ቀዳዳዎቹ በአቧራ ሲደፈኑ ወይም ስክሪኑ በማይገባ ቀለም ሲቀባ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ ስፒከሩ ግን ምንም አይኖረውም። ከዚህ የበለጠ የሚያደናግረው የጎን ጥቁር መጋረጃው ነው። ስፋቱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ ለሆነ ፊልም መጋረጃው ወደ ውስጥ ሲሳብ የግራና የቀኝ ስፒከሮችን ሊሸፍን፣ ለ2.39 ሲከፈት ደግሞ ሊገልጣቸው ይችላል። ጨርቁ ድምፅ የማያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ብልሽቱ ከፊልም ፊልም የሚመጣና የሚሄድ ይመስላል። ልኬቱን በሁለቱም አቀማመጥ ይውሰዱ።

የጎን ስፒከሮችን እንደ አንድ መቁጠር

በአንድ የጎን ቻነል ላይ አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ሁለት ሁለቱ በተከታታይ፣ ጥንዶቹ ደግሞ በትይዩ ይታሰራሉ፤ ጠቅላላው መልሶ 8 ኦም ይሆናል። አንዱ ሲቋረጥ በተከታታይ የታሰረው ጓደኛውም ዝም ይላል። መለኪያው ከቀሩት ሁለት አጠገብ ከቆመ ቁጥሩ ብዙም ላይወርድ ይችላል፤ በሌላው ጫፍ የተቀመጡ ተመልካቾች ግን ያንን ቻነል በቅጡ አይሰሙትም። ፒንክ ኖይዙን ከፍተው በግድግዳው ሥር ይራመዱ፤ ከእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ቆመው ያዳምጡ።

ሳይጽፉ መሄድ

ከጥገናው በኋላ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። ቀኑን፣ በየቻነሉ የተነበበውን ዴሲቤል፣ መለኪያው የቆመበትን ወንበር ቁጥር፣ የእያንዳንዱን አምፕሊፋየር መዞሪያ ቦታ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የየቻነሉን መጠንና በየስፒከሩ የተለካውን ኦም ይጻፉበት። በፕሮሰሰሩ ላይ ለጊዜው የለወጡት ነገር ካለም የቀድሞውን ቁጥር ከጎኑ ያስፍሩ። ከላይ በተረክሁት አዳራሽ ያ 6 ዴሲቤል እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ተመልሼ መሄድ ባላስፈለገኝ ነበር።