የተመራቂዎች የቅጥር አኃዝ ሲነበብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

«ከተመራቂዎቻችን መካከል 85 በመቶው ሥራ ይዘዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ የተሟላ መረጃ ይመስላል። ሆኖም የተቆጠሩት እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደተቆጠሩና «ሥራ» የተባለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ቁጥሩ የትምህርት መስክ ለሚመርጥ ተማሪም ሆነ ለወላጁ የሚነግረው እጅግ ጥቂት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ለመጠይቁ መልስ የሰጡትን እንደ መላው ተመራቂ መውሰድ ነው። ለምሳሌ ለ1,000 ተመራቂዎች መጠይቅ ተልኮ 400ዎቹ ብቻ ቢመልሱና ከእነዚህ ውስጥ 340ዎቹ ሥራ እንደያዙ ቢገልጹ፣ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው 85 በመቶ ነው። ያልመለሱት 600ዎቹ በሙሉ ሥራ ይዘው ከሆነ ትክክለኛው መጠን 94 በመቶ ይደርሳል፤ አንዳቸውም ካልያዙ ግን 34 በመቶ ላይ ይወርዳል። በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ እውነቱ የት እንዳለ ሪፖርቱ አይነግረንም፤ ሥራ ያላገኘ ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ዝምታን መምረጡ የሚጠበቅ ስለሆነ ግን ከ85 በመቶ ዝቅ ብሎ መገመት የተሻለ ጥንቃቄ ነው። ትምህርታቸውን የቀጠሉት ከስሌቱ ወጥተው እንደሆነ ወይም ሥራ ከያዙት ጋር ተደምረው እንደሆነም መታየት አለበት። እኔ በበኩሌ የመላሾቹን ብዛት የማይገልጽ ሪፖርት ሲያጋጥመኝ መቶኛውን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ሁለተኛው ስህተት «ሥራ» የሚለውን ቃል በተለመደው ትርጉሙ መረዳት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሚከተለው የስታቲስቲክስ መመዘኛ መሠረት፣ አንድ ሰው በተጠየቀበት ሳምንት ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሠራ ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። መመዘኛው የአገር ኢኮኖሚን ለመለካት ተገቢ ቢሆንም፣ አንባቢ በአእምሮው የሚስለውን ቋሚና ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝ ሥራ አያመለክትም። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 27 ዓመት የሆኑ የአሜሪካ ተመራቂዎችን በሚከታተልበት መረጃ፣ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ የተሰማሩት ለረጅም ዓመታት 40 በመቶ ገደማ ሆነው ታይተዋል። እነዚህ ሰዎች ሥራ አጥ አይባሉም፤ ይሁን እንጂ አራት ዓመት የተማሩት ለያዙት ሥራ ነው ብሎ መናገር ያስቸግራል።

የተለያየ ጊዜ ላይ የተሰበሰቡ አኃዞችን ማወዳደርም የተለመደ ነው። በብሪታንያ ተመራቂዎች ቀደም ሲል የሚጠየቁት ትምህርታቸውን ከጨረሱ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነበር፤ ከ2017/18 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን ተመራቂዎች ጀምሮ ግን ጊዜው ወደ 15 ወር ተራዝሟል። ስለዚህ የሁለቱን ዘመን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተሻሻለ» ማለት አይቻልም። የምረቃው ዓመት ራሱም ይመዝናል፦ በካናዳ ተመራቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢኮኖሚ ድቀት ወቅት የተመረቁት መጀመሪያ ላይ ገቢያቸው በ9 በመቶ ገደማ ያነሰ ሲሆን፣ ልዩነቱ እስኪጠፋ አሥር ዓመት ያህል ወስዷል። እንግዲህ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች ውጤት መውረዱ የመምህራኑ ድክመት ነው ከማለት በፊት የዚያን ዓመት የሥራ ገበያ መመርመር ይገባል።

በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች ብቻ የሚቀበል ወይም አብዛኞቹን በሕክምና የሚያስመርቅ ተቋም የቅጥር መጠኑ ቢያምር ምስጋናው ሁሉ የማስተማሩ ነው ሊባል አይችልም። ንጽጽሩ በአንድ ዓይነት የትምህርት መስክ መካከል ቢሆን ይመረጣል።

አማካይ ደመወዝም ያሳስታል። ዘጠኝ ሰዎች በወር 10 ሺህ፣ አንዱ ደግሞ 110 ሺህ ቢያገኙ አማካዩ 20 ሺህ ይሆናል፤ ከአሥሩ ግን ይህን የሚያገኝ አንድም ሰው የለም። ደመወዞቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መሐል ላይ የሚገኘውን መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻም በትንንሽ የትምህርት ክፍሎች የሚታይን መዋዠቅ እንደ ለውጥ መቁጠር አያስፈልግም። 12 ሰዎች በተመረቁበት ክፍል የአንድ ሰው ሥራ ማግኘት ወይም ማጣት ብቻ መቶኛውን ከ8 ነጥብ በላይ ስለሚያንቀሳቅሰው፣ በተከታታይ ሦስት ወይም አራት ዓመታት የተመረቁትን ደምሮ ማስላት የተሻለ ምስል ይሰጣል።