ዶናት ላዩ ጠቁሮ መሃሉ ሊጥ ሲሆን

ላዩ ቶሎ ይጠቁራል፣ መሃሉ ግን ሊጥ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ዘይቱ ክብ ሠርቶ ይሰፋል። ዱቄት ቢጨመር ደረቀ እንጂ አልበሰለም። እሳቱን በጣም መቀነስ ደግሞ ጭራሽ ዘይት አስጠጣው።

ችግሩን የፈታው ይህ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ለ500 ግራም የፉርኖ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ ይበዛል፤ 5 ግራም በቂ ነው። ተቆርጦ ኩፍ ሲል ሰዓት አይታይ፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ እስከ ግማሽ ከተመለሰ ይጠበስ። ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ዘይት የሚጠጣው እሱ ነው።

ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ መሃሉም ዘግይቶ ይበስላል። ስለዚህ ዘይቱ 180 ሳይሆን 170 ዲግሪ፣ በቴርሞሜትር ተለክቶ፤ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ተኩል። ሦስት ሦስት ብቻ ይግባ፤ ሲጨናነቅ ዘይቱ ይቀዘቅዛል።