ሞተር ስትነዱ የእጅ አንጓችሁን ካመማችሁ መጀመሪያ የፍሬንና የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው) መያዣውን አቀማመጥ እዩ

ብዙ ጊዜ መያዣዎቹ ወደ ላይ ቀና ብለው ይታሰራሉ። ጣት በዘረጋችሁ ቁጥር አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ አንዱ የሕመሙ ምንጭ ይህ ነው።

ሞተሩን አቁማችሁ እንደምትነዱት ተቀመጡ። ትከሻችሁን ዘና አድርጉ፣ ጣቶቻችሁን መያዣው ላይ ዘርጉ። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ካልሆነ የመያዣውን ማሰሪያ ብሎን ትንሽ አላልታችሁ ወደ ታች አዙሩትና መልሳችሁ እሰሩ። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ፤ የፍሪሲዮኑ ገመድም ሆነ የፍሬኑ ቱቦ መወጠር የለበትም። መስታወቱም አብሮ ስለሚዞር አስተካክሉት።

ፍሪሲዮኑ ከከበደ ገመዱ ደርቆ ወይም ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል። ከላይ በኩል ፈትታችሁ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቡበት፤ ክሮቹ ከተበጠሱ ግን ቀይሩት። ስትመልሱት መያዣው ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልቅነት ተዉለት፣ አለበለዚያ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ላይዝ ይችላል።

በጉዞ ላይ የነዳጅ ታንከሩን በሁለቱ ጉልበቶቻችሁ መሃል ያዙ፣ የሰውነት ክብደት እጅ ላይ አይውደቅ። መሪውን አጥብቆ መጨበጥ ወደ እጅ የሚተላለፈውን ንዝረት ያባብሳል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ሌሊትም ከደነዘዙ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያችሁ።