«አይ7» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለጌም የሚሆን ያገለገለ ኮምፒውተር ስትፈልጉ «ኮር አይ7 ነው» የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ብቻ አያጓጓችሁ። ከ«አይ7» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ትውልዱን የሚናገረው እሱ ነው። 4770 አራተኛ ትውልድ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ፣ የ2022 ነው። ስሙ «አይ3» ቢሆንም አትናቁት። ሁለቱም አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና ስምንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አላቸው፤ የአዲሱ እያንዳንዱ ኮር ግን እጅግ ስለሚፈጥን በጌም አሮጌውን ጥሎት ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜ አሮጌው 4770 ላለበት ኮምፒውተር ቀብድ ሊከፍል ሲል ክዳኑን አስከፈትነው። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር3 የሚባለው የቆየ ዓይነት ነው፤ ነገ ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ልሻገር ቢል ማዘርቦርዱንም (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ራሙንም አብሮ መቀየር ሊኖርበት ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ለሚሠራው ካርድ) የሚሆን ባለስድስት ፒን ገመድ እንኳ አልነበረውም! ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይደግፍም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ካርድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ካርዱን ለጊዜው መግዛት ካልቻላችሁ «ኤፍ» የሌለበትን 12100 ጠይቁ።