ሞተር ሲያፈላ፦ መንስኤውን መለየትና መጠገን

የመኪና ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ብዙ ሰው ውሃ ይጨምራል፤ ካልተሻለው ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን መዝጊያ) ያስቀይራል፤ አሁንም ካልተሻለው ራዲያተሩን ያስወርዳል። እንዲህ ዕቃ በዕቃ እየቀየሩ መሄድ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ ነገር ግን ቴርሞስታቱ የማይከፈት መኪናና ፋኑ የማይሠራ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚያሳዩት መርፌ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ መርፌውን ብቻ አይቶ ዕቃ መግዛት ግምት ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በሚሞቁበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳት በፊት መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው፣ ውሃውስ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ግን በጉዞ ላይ ሳሉ መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ሲወጣ ምን እንደሚደረግ እንመልከት። ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉ፤ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ነፋሱንም በከፍተኛው ላይ ያድርጉት። ማሞቂያው በሞተሩ ውሃ የሚሠራ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ካልተመለሰ ወይም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ከታየ፣ መንገዱን ለቀው ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። በአንድ ቱቦ ጥገና ሊያልፍ የሚችለውን ችግር ወደ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን አናት የሚከድነው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥራ የሚያሳድገው አብዛኛውን ጊዜ «ትንሽ ቀረኝ፣ ልድረስ» ተብሎ የሚነዳው የመጨረሻው መንገድ ነው።

ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን በምንም ምክንያት አይክፈቱ። ክዳኑ በብዙ መኪኖች 1 ባር ገደማ ግፊት የሚይዝ ሲሆን፣ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ተራ ውሃ በዚህ ግፊት ሥር እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ስለሚወርድ፣ በ110 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ውሃ በቅጽበት ይፈላና ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ሲጨመቅ ለስላሳ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ክዳኑን ቀስ ብለው ያላሉት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የክዳኑን ግፊት ካነሣን አይቀር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ላይ ተራ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ያለው መኪና ደጋ ላይ ያለ ሌላ ጥፋት ሊያፈላ ይችላል። ክዳን ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር በትክክል የሚሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ነው። አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ወደ ቀዩ የተጠጋው መርፌ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ወገን ሲወርድ አይቼ ተመስገን ብዬ መንዳቴን ቀጠልሁ፤ በኋላ እንደታየው ግን ሞተሩ አልቀዘቀዘም ነበር፤ የታችኛው ቱቦ ተቀዶ ውሃው በሙሉ ስለፈሰሰ ሴንሰሩ የሚለካው አጥቶ ነበር። ማሞቂያው ተከፍቶ ሳለ ቀዝቃዛ ነፋስ ማምጣቱም ውሃው ለመጉደሉ ምልክት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲያገኝና ሲሮጥ ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ በሩጫ ጊዜ የሚመጣው ነፋስ የፋኑን ሥራ እየሸፈነለት ነውና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፋኑ ነው። በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ በፍጥነት ሲነዳ ወይም ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ፣ ውሃው በበቂ መጠን እየዞረ ወይም እየቀዘቀዘ አይደለም፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም ፓምፑ ሲስብ ወደ ውስጥ የሚጣበቅ የታችኛው ቱቦ ይፈተሻል። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዩን የሚነካ ሞተር ደግሞ ወይ ቴርሞስታቱ አይከፈትም፣ ወይ ውስጡ አየር ታምቋል፣ ወይም የቴስታታው ጋስኬት (ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ) ተበልቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ የውሃው ነገር ነው። ውሃው የሚጎድል ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ፍሳሹን ይፈልጉ። ሞተሩ ሲሞቅ የሚያንጠባጥብ ትንሽ ቀዳዳ እርጥበቱ ወዲያው ስለሚተን በዓይን አይያዝም፤ የሚቀረው በቱቦ ማሠሪያዎች ዙሪያ፣ በራዲያተሩ ጠርዝና በውሃ ፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም የኩላንቱን (ከውሃው ጋር የሚደባለቀውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለም የያዘ ቅርፊት ነው። በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለው የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው። በእጅ የሚሠራ የግፊት መሞከሪያ ካገኙ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በክዳኑ ቦታ ገጥመው ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይንፉት፤ መለኪያው ከወረደ ውሃው በአንድ በኩል እየወጣ ነው።

ቴርሞስታትን ለመፈተሽ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሡና የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በየጊዜው በመዳፍዎ ይንኩ፤ እጅዎንና ልብስዎን ግን ከፋኑና ከቺንጋው ያርቁ። ጤናማ ከሆነ ቱቦው ለደቂቃዎች ለብ ብሎ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት እጅ የማያስቀምጥ ትኩሳት በድንገት ይመጣበታል። መርፌው ከመካከል አልፎ ቱቦው አሁንም ለብ ያለ ከሆነ ቴርሞስታቱን ይፍቱት። በክር አንጠልጥለው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ፣ የድስቱን ወለል እንዳይነካ አድርገው ከቴርሞሜትር ጋር ያስገቡትና እሳት ላይ ይጣዱት። የሚከፈትበት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ አካሉ ላይ ተቀርጿል፤ 82 ወይም 88 የተለመዱ ቁጥሮች ናቸው። ውሃው ወደዚያ ሲቃረብ መካከለኛዋ ሳህን ከመቀመጫዋ ፀጉር በምታህል ክፍተት ትላቀቃለች፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ሞላውን እየገፋች በግልጽ ትወርዳለች። ውሃው እየፈላ ሳህኗ ካልተነቃነቀች ዕቃው አልቆለታል። ደጋ አካባቢ ግን ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ አለመከፈቱ ብቻውን እንደ ጥፋት አይቆጠርም።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መኪናውን ያለ እሱ የመንዳት ልማድ አለ፤ እኔ አልደግፈውም። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ለመያዝ ስለሚዘገይ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የሚዘጋው ሌላ አቋራጭ መተላለፊያ ክፍት ስለሚቀር፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ እየዞረ ሞተሩ የባሰ ይሞቃል።

የኤሌክትሪክ ፋን ለመፈተሽ ኤርኮንዲሽነሩን ይክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ማብሪያ) ይመልከቱ፤ ከዚያም የፋኑን ሶኬት ነቅለው ከባትሪ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ይስጡት። በቀጥታ ከዞረ ጥፋቱ በሽቦው፣ በሪሌው ወይም በሴንሰሩ ላይ ነው፤ ካልዞረ ፋኑ ራሱ ተቃጥሏል። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ፋኑ ሳይታሰብ ሊነሣ ስለሚችል ጣትዎን አያስጠጉ። በቺንጋ የሚዞር ፋን ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አጥፍተው በእጅ ያሽከርክሩት፤ ትንሽ ተቃውሞ ሊኖረው ይገባል እንጂ ያለ ምንም መያዝ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ መያዣው ውስጥ ያለው ዘይት ፈስሷል ማለት ነው።

ራዲያተር ከውጭም ከውስጥም ይደፈናል። የውጩ በአቧራ፣ በነፍሳትና በቅጠል ሲሆን፣ በኤርኮንዲሽነሩ ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል የሚጠራቀመው ከፊት ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ክንፎቹ እንዳይተኙ ኃይል በሌለው ውሃ ይጠቡት። የውስጡ የሚታወቀው ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲለኩ ከአካባቢያቸው በጣም የቀዘቀዙ ቦታዎች ሲገኙ ነው። የውሃ ፓምፕ ከሆነ ዘንጉ ሲነቃነቅ መዋዠቁን፣ ድምፅ ማሰማቱንና ቺንጋው መላላቱን ይዩ።

ከሁሉ የሚፈራው የቴስታታው ጋስኬት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተነሣ ከአንድና ሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የማያቋርጥ የአረፋ መውጣትና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስም ይህንኑ ያመለክታሉ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት የመሰለ ቅባት ግን አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ ጤናማ መኪና ላይም በእርጥበት ምክንያት ሊታይ ስለሚችል በእሱ ብቻ አይፍረዱ። ማረጋገጫው ከውሃው የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ መሞከሪያ ነው፤ በቤንዚን ሞተር ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የተቃጠለ ጋዝ አለ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ጋስኬቱን ብቻ ቀይሮ መግጠም ስሕተት ነው፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀት ስለሚጣመም በቀጥተኛ ብረትና በውፍረት መለኪያ ቅጠሎች ይለካ፤ ብሎኖቹም አምራቹ ባዘዘው ቅደም ተከተልና ጉልበት ይጠበቁ።

ጥገናው ሲያልቅ አምራቹ የሚያዘውን ኩላንት በተጣራ ውሃ ይበጥብጡ፤ እኩል በእኩል የተለመደው ልክ ነው። ያለ ውሃ ንጹሕ ኩላንት መሙላት የተሻለ ይመስላል እንጂ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከድብልቁ ያነሰ ነው። ቀለም የዓይነት መለያ ስላልሆነ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ ጋር ስላዋሐዱ ብቻ ይስማማሉ ማለት አይደለም። የወጣው አሮጌ ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት በማያገኙት የተከደነ ዕቃ ይቀመጥ።

ሲሞሉ መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ይቁም፤ ማሞቂያውን ይክፈቱና አየር ማስወጫ ብሎን ካለው ያላሉት። ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አረፋው እስኪያቆም ድረስ የጎደለውን ቀስ በቀስ ይሙሉ፤ ከማሞቂያው ትኩስ ነፋስ መምጣቱንም ያረጋግጡ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መጠኑን ይዩ፤ ጥቂት ወርዶ ቢያገኙት የቀረው አየር ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ይሙሉት፤ ከዚያ ወዲያም መውረዱን ከቀጠለ ወደ ፍሳሽ ፍለጋው ይመለሱ።