ከውጭ አገር ዐመድ ሲመጣ ቤተሰብ የሚሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ሬሳ ማቃጠል ልማዳችን አይደለም። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም ሟቹን አፈር ያለብሳል። ልጆቻችን ግን ያሉት ሲያትልና ለንደን፣ ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት ነው፤ እዚያ ያለው ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። በእንግሊዝ ከአምስት ሟቾች አራቱ ገደማ ይቃጠላሉ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የሚቃጠለው ከሚቀበረው በልጧል። እኔ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነኝ፤ የሰፈሬ እድር ጸሐፊም ነኝ። ስለዚህ «ልጃችን ተቃጥሎ ነው አሉ የሚመጣው፤ ምን ይሻላል?» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከረፈደ ስለሆነ፣ ደጋግሜ ያየሁትን ስህተት እዚህ ልጻፈው።

«ሰልስቱ ይለፍና እንመካከራለን»

መርዶ ሲሰማ ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ይህ ያለ ነው። ግን እኛ እዚህ ስናለቅስ እዚያ ማዶ ወረቀት እየተፈረመ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሟቹ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ የወከለው ሰው ከሌለ፣ ስለ ሬሳው የሚወስነው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች ይከተላሉ። እናት እዚህ ደረቷን ብትደቃ ሚስት ከፈረመች አለቀ። በስዊድን ሕጉ ሟቹ በአንድ ወር ውስጥ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ያዛል። ጠያቂ ያልተገኘለትን ሬሳ ደግሞ፣ ለምሳሌ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ፣ አቃጥሎ ዐመዱን ሦስት ዓመት ያህል ያቆይና ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀብረዋል።

አቶቴ ሰፈር ያሉ ወንድማማቾች ሰልስቱ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ከዚያ የነፍስ አባት ይምጣ ብለው፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አጎት ጠብቀው ስልክ ሲደውሉ የተነገራቸው ዐመዱን የሚረከበው ሰው ማን እንደሆነ እንዲያሳውቁ ነበር። የሟቹን ሚስት እስከ ዛሬ ይረግሟታል። እሷ ግን ስልክ ደውላ መልስ ያጣች ሴት ናት።

በመጀመሪያው ቀን፣ ልቅሶውን ሳታቋርጡ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ለዩና ሦስት ነገር ይጠይቅላችሁ፦ ሬሳው የት ነው ያለው? ፈራሚው ማነው? ቀጠሮው ለመቼ ነው? አንድ ሰው ብቻ ይደውል። አምስት ዘመድ ተራ በተራ ሲደውል የቀብር ድርጅቱ ሠራተኛ ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ መቃጠል የማትፈልጉ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፉትና በአገሩ ሕግ መሠረት አስመስክሩበት። ለጓደኛ በቡና ላይ መናገር ወረቀት አይሆንም።

ስለ ገንዘቡ

ማቃጠል ይረክሳል፤ እውነት ነው። በአሜሪካ የቀብር ዳይሬክተሮች ብሔራዊ ማኅበር መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ስንብትና ቀብር ያለው ሥርዓት መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር፣ ስንብትና ማቃጠል ያለው ደግሞ 6,280 ዶላር ነበር። ያለ ምንም ሥርዓት በቀጥታ ማቃጠል ከዚህም በብዙ ያንሳል። ሬሳን በአውሮፕላን መላክ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። ሆኖም የእኛ ሰው ለሬሳ ያዋጣል፤ እዚያም እድር አለ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ጀመዓ አለ። ሳትጠይቁ «ማን ይከፍላል» ብላችሁ አትወስኑ። ጠይቃ ያጣችውን መበለት ግን እባካችሁ አትስደቧት።

እሳቱ የማይመልሰው

ምድጃው ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፤ ሥራው ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሚቀረው አጥንት ነው። እሱ ሲቀዘቅዝ ብረት ነክ ነገር ይለቀምለታል፣ ከዚያ በማሽን ይፈጫል። ከዚህ በኋላ የአሟሟት ምርመራ የለም። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራም በተግባር አይቻልም። ስለዚህ በአሟሟቱ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ፣ ወይም «ይህ ልጅ የእሱ ነው፣ አይደለም» የሚል የውርስ ነገር ካለ፣ ከመቃጠሉ በፊት ለፖሊስም ለጠበቃም ይነገር፤ ናሙናም ይወሰድ። ከዐመዱ በኋላ የመጣ ክስ ማስረጃ ፍለጋ ሲንከራተት ይኖራል።

ወርቁ፣ የአንገት መስቀሉ፣ ቀለበቱ አስቀድሞ ይውለቅ። «ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ አይጠፋም» ብሎ የተከራከረኝ መካኒክ አለ። ቁጥሩን አልሳተም፤ ቀለበቱ ግን አልተገኘም። ሟቹ ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለው ይነገር፤ ባትሪው ምድጃው ውስጥ ይፈነዳል።

ማሰሮው

ዐመዱ የሚቀመጥበት የነሐስ ማሰሮ ያምራል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን የኤክስሬይ መሣሪያ ውስጡን ማየት አለበት፤ ወፍራም ብረትና ድንጋይ ደግሞ አያሳይም። የአሜሪካ ፈታሾች ቤተሰቡ ራሱ «ክፈቱት» ቢል እንኳ አይከፍቱም፤ ማየት ካልቻሉ አያሳልፉም። ስለዚህ በቀላል እንጨት፣ በፕላስቲክ ወይም በካርቶን ዕቃ አምጡት። ሐዋሳ ሲደርስ የፈለጋችሁት ውስጥ ይገባል። አየር መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአንዱ ደንብ ከሌላው ይለያል። የሞት የምስክር ወረቀቱንና የማቃጠያውን የምስክር ወረቀት ከዐመዱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙ፤ ምን ተጨማሪ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግም ከኤምባሲው ወይም ከቆንስላው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከበርበሬ ማስቀመጫ ጋር አመሳስሎ ሻንጣ ውስጥ መደበቅ የሚባል ጥበብ አለ፤ ተዉት። «በፌዴክስ ይላክልን» የምትሉም ፌዴክስም ዩፒኤስም ዐመድ አይቀበሉም፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያደርሰው መንግሥታዊው ፖስታ ቤት ነው።

አሸዋ የሞላ ሳጥን

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሰውየው ሱቅ ይገባል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ወደ ጆሮዬ ይጠጋል። «ጋሼ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይሁንልን። ውስጡን እኛ እናሟላዋለን።» በምን? በአሸዋ። አንዳንዱ በብርድ ልብስ በተጠቀለለ ድንጋይ። ምክንያቱ ሁልጊዜ እናት ናት፦ «እማማ ተቃጠለ ብትባል እዚያው ትሞትብናለች።»

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሥራው ግን ሞኝነት ነው። የእድራችን ጎረምሶች ሬሳ መሸከም የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ሳጥን ሲዘነበል አሸዋ ወደ ዝቅታው ይሮጣል፤ ሬሳ አይሮጥም። አንድ ቀን ወደ መቃብር ስንወጣ ዳገቱ ላይ የሳጥኑ ግርጌ በድንገት ከበደና ከኋላ ያሉት ሁለቱ ተንበረከኩ፤ ውስጡም ኮረት እንደተጫነበት ተንኳኳ። ማንም ምንም አላለም። እስከ ሰልስት ግን ወሬው ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ደርሶ ነበር፦ «ድንጋይ ነው የቀበሩት፤ ልጁ በሕይወት አለ፤ ታስሮ ነው።» ወሬው ዞሮ ዞሮ ለማን ደረሰ? ለእናትየው። ከሐዘን እናድናት ያሏት ሴት ልጄ ይመጣል ብላ ማታ ማታ የግቢውን በር ሳትቀረቅር ማደር ጀመረች። ይህንን ያደረጉት የሚወዷት ልጆቿ ናቸው።

ደግሞስ እናት «ክፈቱልኝ፣ ፊቱን አይቼ ልሰናበተው» ብትል መልሳችሁ ምንድን ነው? ቄሱስ ምን ላይ ነው ፍትሐት የሚፈቱት? እውነተኛው ዐመድስ የት አለ? እኔ ልንገራችሁ፦ አጎት ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ በፌስታል ነው ያለው። አንድ ቀን ቤት የምታጸዳ ልጅ ታወርደዋለች።

እኔ እንዲህ ያለውን ሳጥን አልሠራም። የምሠራው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ርዝመቱ አርባ ሳንቲሜትር፣ ወርዱ ሠላሳ፣ ከፍታው ሃያ አምስት። እንጨቱ ያው፣ ጨርቁ ያው፣ ጥልፉ ያው፣ የሙያ ዋጋው ብቻ የቀነሰ። ሁለት ሰው በእጁ ይይዘዋል።

እናትስ? እንደማንኛውም መርዶ ይነገራታል፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ የነፍስ አባቷ ወይም ፓስተሯ ባሉበት። ሳጥኑ ቤት ሳይገባ ይነገራት። የሚነገራትም እውነቱ ይሁን፦ ሥጋው በእሳት አልፏል፣ የመጣው ዐፅሙ ነው። ይህ ማባበያ አይደለም፤ ማሰሮው ውስጥ ያለው የተፈጨ አጥንት ነው። የእኛ እናቶች ዐፅም ሲፈልስ አይተዋል፤ ከአንዱ መቃብር ወጥቶ በትንሽ ሳጥን ወደ ሌላው ሲሄድ አልቅሰው ሸኝተዋል። ልጆቻቸው ከሚጠብቁት በላይ ይችሉታል። አንዲት እናት ሳጥኑን ታቅፈው «ሲወለድም እንዲህ ነበር የያዝኩት» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልጆቻቸው ግን ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈርተው ነበር።

የሃይማኖት አባትን መጨረሻ ላይ መጠየቅ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማቃጠልን አትቀበልም፤ በእስልምናም ክልክል ነው። ሟቹ ራሱ ፈልጎ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው የወሰነው የሚለው ለአባቶች ትልቅ ልዩነት ስላለው፣ ዐመዱ ገና ማዶ እያለ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱን ኢማም ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ከቄስ ጋር መከራከር ለሟችም ለሐዘንተኛም አይሆንም። ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 ከቫቲካን የወጣው መመሪያ ዐመዱ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ ያዛል፣ መበተንንም አይፈቅድም። አርባና ሰማንያ የሚቆጠረው ሰውየው ከሞተበት ቀን ነው፤ ዐመዱ ቦሌ የደረሰበትን ቀን ይዘው የሚቆጥሩ አጋጥመውኛል።

እድሩንም እንዲሁ። የእኛ ደንብ የተጻፈው ሬሳ ይመጣል ተብሎ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ለመርዶው ይሁን ዐመዱ ሲመጣ ቤተሰቡ ይምረጥ። ሁለቱንም ጠይቃችሁ ጸሐፊውን ከኮሚቴው ጋር አታጣሉ።

ሐይቁና ችግኙ

ከውጭ የሚመጡ ልጆች ይህን ይወዱታል። አባታቸው ዓሣ ያጠምድ ስለነበር ዐመዱን ሐይቁ ላይ እንበትን ይላሉ። የአዋቂ ሰው ዐመድ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ይሆናል፤ እንደ ሻካራ አሸዋ ነው እንጂ የምድጃ ዐመድ አይመስልም። ከባዱ ይሰምጣል፣ ደቃቁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ንፋስ ሲነሳ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ፊት ይህን ስታደርጉ የሚላችሁን እኔ እዚህ አልጽፈውም። ችግኝ ሥር መቅበርም ያምራል፤ ግን ዐመዱ ጨውና አልካላይ የበዛበት ስለሆነ ሥሩ ላይ ብቻውን ከፈሰሰ ችግኙን ያደርቀዋል። ከብዙ አፈር ጋር ካልተደባለቀ አይሞከር።

አጫጭሮቹ

ማሰሮው ውስጥ ካለው ከረጢት ጋር ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ምልክት ልትገኝ ትችላለች። ቆሻሻ አይደለችም፤ ዐመዱ የማን እንደሆነ የምትናገር እሷ ናት። ቁጥሯ ከምስክር ወረቀቱ ጋር መግጠሙን አይታችሁ አብራችሁ ቅበሯት።

ዐመዱን ለወንድማማች ማከፋፈል የምትፈልጉ መጀመሪያ ተስማሙ፣ ከዚያ ክፈቱት። ተከፍቶ የተጀመረ ጠብ አይቻለሁ። ጀርመን ካለ ደግሞ በአብዛኛው ግዛት ዐመድ መቃብር ሥፍራ መቀበር ስላለበት፣ ለቤተሰብ በእጅ ላይሰጥ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያርፍበት የመቃብር ቦታ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ስለሚችል ከዚህ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

የሞት የምስክር ወረቀቱን በአንድ ቅጂ ይዛችሁ አትምጡ። ለውርስ ፍርድ ቤት ይፈልገዋል፣ ባንክ ይፈልገዋል፣ እድሩም ይፈልገዋል። ማኅተም ያለበትን አምስት ስድስት ቅጂ እዚያው አውጡ፤ እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላም አረጋግጡ። ከዚህ ሆኖ ሁለተኛ ቅጂ ማስመጣት ዐመዱን ከማምጣት ይከብዳል።